ሽምግልና በሊትልተን

ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ሲከፋም ደም ለማድረቅ ነው። የትምህርት ቤት አቤቱታ ለማብረድ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ከአባቴ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። የማጫውታችሁ አባቴ ስለሄዱበት ቅዳሜ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የማስተምረው እንደ በፊቱ አይደለም።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ወላጆቼ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ይዘውኝ ሲገቡ ገና ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ኖርን፤ በኋላ አጠገቧ ወዳለችው ከተማ ወደ አውሮራ ተዛወርን። ኮሌጅ ስጨርስ እዚያው አውሮራ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጥቃቅን ነገር ሊሰናበት ይችላል። አባቴ አቶ ደምሴ ደግሞ በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ኩባንያ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋሉ። ለሚገፏቸው አሮጊቶች ሁሉ «ልጄ መምህርት ናት» ሳይሉ ከበሩ አያደርሷቸውም ነበር ይባላል።

የምርጫ ዓመት ነበር። አገሩ ስለ ቀለም ከወትሮው አብዝቶ ያወራል። እኔም ተማሪዎቼን ጂም ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን አቁሜ ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ። «ሱቅ ስትገቡ ጥበቃ ተከትሏችሁ የማያውቅ ከሆነ አንድ እርምጃ ወደፊት።» «ከወላጆቻችሁ አንዱ ኮሌጅ የጨረሰ ከሆነ አንድ እርምጃ ወደፊት።» «የምትኖሩበት ቤት የወላጆቻችሁ ከሆነ አንድ እርምጃ ወደፊት።» መጨረሻ ላይ ዞር ብለው ማን ፊት እንዳለ፣ ማን ኋላ እንደቀረ ያያሉ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ልምምዱን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ በየኮሌጁ የሚሠራበት ነው።

ካይል የሚባል ዝምተኛ ነጭ ልጅ ነበር። የቤቱ ጥያቄ ሲነበብ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እኔም ልብ አላልኩትም። የሱቁና ሌሎቹ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ የተነበቡት ጥያቄዎች ግን እየገፉ ወደፊት ወሰዱት። መጨረሻ ላይ ከፊተኞቹ መካከል ቆሞ ተገኘ። ከኋላ አንዱ ልጅ «ሀብታሙ ሰውዬ!» ሲለው ሌሎቹ ሳቁ። ካይል ቦርሳውን አነሳና ወጣ።

በሳምንቱ አባቱ ሚስተር ዌብ አቤቱታ አስገባ። «መምህሯ ልጄ በቆዳው ቀለም እንዲያፍር አድርጋለች» የሚል ነበር። ወሬው ወጣ። ግማሹ ወላጅ ትምህርቱ ይቅር አለ፣ ግማሹ ይቅር ካላችሁ እንከሳለን አለ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንኳ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር እየመረጠ መቀመጥ ጀመረ። ሁለቱም ወገን ስለ እኔ ብዙ አወሩ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝና ሰኞ ስብሰባ እንዳለ ነገረኝ።

«እስከዚያ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር በምንም መንገድ እንዳትገናኚ» አለኝ። «በስልክም፣ በሰውም። ከተገናኘሽ ኮንትራትሽን እኔም አላድነውም።»

ይህን ሁሉ ራት ላይ ለወላጆቼ ነገርኳቸው። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ሰውየው ማን ነው ያልሽው?» ብለው ስሙን ብቻ ደገሙት። እናቴ «ይሄ የእነሱ፣ የአሜሪካ ነጭና ጥቁር የጥንት ጠብ ነው፤ አንቺ መሀል ምን አገባሽ?» አለችኝ። ክርክር ውስጥ ሳንገባ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ ስመጣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«አባዬ ሥራ ገቡ?»

«ሥራ እንኳን አይደለም።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

«እንዳትቆጪ» አለች። እናቴ እንዳትቆጪ ካለች የሚያስቆጣ ነገር አለ ማለት ነው። «ጋሽ ዘለቀንና ጋሽ ዮሐንስን ይዘው ለሽምግልና ሄደዋል።»

«ማንን ሊያስታርቁ?»

«አንቺን ነዋ! ከልጁ አባት ጋር።»

የሰውየውን አድራሻ ከስልክ ማውጫ ነበር ያገኙት። እዚያ ሲደርሱ ቤቱን ባዶ ሆኖ አገኙት። ጎረቤቱ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች ስላየ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹ መስለውት ሰውየው ሊትልተን በምትባለው የዴንቨር ዳርቻ ከተማ እህቱ ቤት እንደገባ ነግሮ መንገዱን አመላከታቸው። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሁሉ ከሚነዳው ታክሲ ውስጥ ደውሎ ከነአድራሻው ለእናቴ ነግሯታል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ያስባርረኛል። በሰውም አትገናኚ ብለውኛል።»

«አንቺ መች ሄድሽ? ሽማግሌ ነው የሄደው።»

ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። የተጣላ ሰው ጋ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌ የመጣበት ሰው ደግሞ በሩን አይዘጋም። ኮሎራዶ ውስጥ ይህ ዛቻ ሊባል እንደሚችል ብነግራትም አልገባትም። ጋሽ ዘለቀ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። «ሽማግሌ ጉዳይ ላይ ሆኖ ስልክ ያነሳል እንዴ?» አለች እናቴ።

መኪናዬን አስነሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ የነበረኝ ምርጫ ሁለት ነበር። ብሄድ ትእዛዙን የጣስኩት እኔው ራሴ ነኝ። ብቀር ደግሞ ሦስት ሽማግሌዎች የማያውቁት ሰው ደጅ ላይ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚችለው ጋሽ ዘለቀ ነው፣ እሱም የታክሲ እንግሊዝኛ። ከመኪናዬ ሳልወርድ ከሩቅ አይቼ አባቴን በምልክት እጠራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ደርሼ ከቤቱ ራቅ ብዬ ፓርክ አደረግኩ። ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ሦስቱ ሰዎች ሣሩ ላይ በእድሜያቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ቆመዋል። አባቴ በሱፋቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። ጋሽ ዮሐንስ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በደረቱ መጽሐፍ ቅዱስ አቅፏል። አጠገባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ሚስተር ዌብ በረንዳው ላይ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ኋላ ጋሽ ዘለቀ እንደነገረኝ መጀመሪያ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለውት ነበር። አለመሆናቸውን ሲረዳ ወንበር አወጣ። እነሱ ደግሞ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ደንቡ ነዋ! ሰውየው ግን ወንበር ሲሰጠው እምቢ የሚል እንግዳ በዕድሜው አላየም።

ጎረቤትም አላየም። ከማዶ ካለው ቤት መስኮት አንዲት ሴት ስልክ ይዛ ስታያቸው አየሁ። መኪናዬን ላስጠጋ፣ ጥሩምባ ልንፋ ስል የፖሊስ መኪና በአጠገቤ አለፈና ቤቱ ፊት ቆመ።

የወረደው ወጣት ፖሊስ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ሽማግሌዎቹን ነው። መስኮቴን አወረድኩ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኛ ሽማግሌዎች ነን» አለ ጋሽ ዘለቀ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለሰላም ነው የመጣነው። ኖ ፕሮብሌም።»

«የማን ሽማግሌዎች?»

ጋሽ ዘለቀ መልስ ሲፈልግ አባቴ ነገሩ የገባቸው መሰላቸው። አባቴ ያደጉበት አገር ፖሊስ ፊትህ ከቆመ ሳይጠይቅህ መታወቂያህን ታወጣለህ፤ የሚያዘገይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ስለዚህ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ሥር ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱት።

ፖሊሱ ወደ ኋላ ሸሸና እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ። «እጅህን አሳየኝ! እጅህን!»

አባቴ ፍጠን ያላቸው መሰላቸው። ፈጠኑ።

ከመኪናው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ መንገዱ መሀል ቆሜ በአማርኛ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። «አባዬ! ምንም እንዳያወጡ! ባዶ እጅዎን ያሳዩት! ቀስ ብለው!» ፖሊሱ ወደ እኔም ዞረ፣ ወደ እሳቸውም ዞረ። አባቴ እጃቸው ኮታቸው ውስጥ እንዳለ ደረቁ። ጋሽ ዮሐንስ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በዚህ መሀል ሚስተር ዌብ ከበረንዳው ላይ ተናገረ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ኦፊሰር፣ ችግር የለም። እኔን ሊያነጋግሩ የመጡ ሰዎች ናቸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

የፖሊሱ እጅ ከሽጉጡ ላይ ወረደ። አባቴም ባዶ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ፖሊሱ ለሚስተር ዌብ «መልካም ቀን» ብሎት፣ ለእኛም ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ስሙን አልጠየቀውም። ቤቱ የማን እንደሆነም አልጠየቀውም፤ ቤቱ ደግሞ የሚስተር ዌብ አልነበረም።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስተር ዌብ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ መምህሯ ነሽ።»

«አዎ። እዚህ መገኘት አይፈቀድልኝም።»

«ነግረውኛል» አለ።

አባቴ ገና አሁን ያዩኝ ይመስል ተቆጡኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሽማግሌ በተቀመጠበት ባለጉዳይ ይገባል?» ቆመው ነው እንግዲህ ተቀመጥን የሚሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞሩ። «በል ንገረው። ልንለምነው አልመጣንም፣ ልንሰማው ነው። ልጁ ምን ሆነ?»

ጋሽ ዘለቀ እንደ ምንም አስተረጎመ። ሚስተር ዌብ ከበረንዳው ወርዶ ቀረባቸው። ከአቤቱታው ወዲህ ብዙ ሰው አነጋግሮታል፤ ጋዜጠኛም፣ ጠበቃም ደውሎለታል። ልጁ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀው ግን ያለ አይመስለኝም።

«ከሥራ ቀነሱኝ» አለ። «ቤቱም ሄደ። ካይል እዚህ ምድር ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ለማንም እንዳትነግር ብሎኛል። እሷ ወላጆቹ ቤት ያላቸው ወደፊት ትላለች። ሁሉም ሲራመድ እሱ ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ነጭ በመሆኑ ብቻ ፊት ይወጣና ሀብታሙ ይባላል። ቤት ሲመጣ ‹አባዬ፣ እኛ ምንድን ነው ያለን?› አለኝ። ምን ልበለው?»

የካይልን ሶፋ መስማትና በአባቴ ላይ ሊመዘዝ የነበረውን ሽጉጥ ማየት በአንድ ጠዋት ከበደኝ። ጋሽ ዘለቀ ሲተረጉምላቸው አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ጠይቀሻል?»

«አዎ።»

«ቤት እንደሌለው ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ለእሱ መልስ ስጪው።»

ለሚስተር ዌብ በእንግሊዝኛ «ልጅህን ሰው ፊት ስላቆምኩት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አልኩት። «ትምህርቱ ግን ውሸት አይደለም። አንተ አንድ አረፍተ ነገር ተናግረህ ያ ፖሊስ ሄደ። አባቴ መታወቂያቸውን ለማሳየት ሲሞክሩ ሊሞቱ ነበር።»

ፊቱ ቀላ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። «አይቻለሁ» አለ። «ዓይን አለኝ።» ቀጥሎም «ቢሆንም ሰኞ እመጣለሁ» አለ።

«ና» አልኩት።

አባቴ ጉዳዩ ተሰማ ብለው ያኔ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። እህቱ የሎሚ ጭማቂ አመጣችልን። ጋሽ ዮሐንስ ተነሥቶ ረጅም ጸሎት አደረገ። ጋሽ ዘለቀ መተርጎሙ ሲያቅተው «ቤትህን እየባረከልህ ነው» ብሎ አሳጠረው። «የእኔ ቤት እኮ አይደለም» አለ ሚስተር ዌብ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ስንነሣ አባቴ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡት። «አየር ማረፊያ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ አለቃዬን አነጋግርልሃለሁ በለው» አሉ።

ሰኞ ስብሰባው ሲጀመር ቅዳሜ የሆነውን ራሴ ቀድሜ ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ከዲስትሪክቱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ከራቫት ያሰረ ሰው ግን ብዕሩን አነሳ። ሚስተር ዌብ እንደዛተው መጥቶ ነበር። ያ መደርደር ይቅር፣ ልጅ ሰው ፊት አይገለጥ አለ። ቀጥሎ ግን ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ።

«ሴትየዋን ተዉዋት። የመጣችው አባቷ ላይ ሽጉጥ ሊመዘዝ ሲል ነው። እኔም ብሆን እመጣ ነበር። ትምህርቱንም አታጥፉት፤ አሠራሩን አስተካክሉት።»

ከራቫት ያሰረው ሰው «አስተያየትህን ስላካፈልከን እናመሰግናለን» አለው። በአንድ አረፍተ ነገር ፖሊስ የመለሰ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው አላገኘም። አሮጌ ጃኬት ለብሷል፣ ሥራ የለውም፣ አነጋገሩም የእነሱ ዓይነት አልነበረም። ደጋግሞ እጁን ቢያነሳም አላዩትም።

ኮንትራቴ አልታደሰም። ምክንያቱ ትምህርቱ ሳይሆን ትእዛዝ መጣስ ነው ተባለ። ትምህርቱንም አብረው ሰረዙት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ያለ እኔ ቀጠለ። አንዱ ወገን እውነት በመናገሯ ተባረረች አለ፤ ሌላው ጥፋቷን የሚያሳየው ቤት ድረስ መሄዷ ነው አለ። በሰልፍ ላይ ንግግር አድርጊ ተብዬ ተጠርቼ ነበር፤ አልሄድኩም። አንድ ዓመት ያህል ያገኘሁትን ስሠራ ቆይቼ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። አሁንም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ልጆችን ግን መስመር ላይ አላቆምም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስነግራችሁ ከሁለቱ ወገን ማን ልክ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቅዳሜ እዚያ ሣር ዳር ሆኜ የካይልን እጦትም የአባቴን አደጋም አየሁ፤ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ እንደማያስፈልግ ያስተማሩኝ መጻሕፍቱ አልነበሩም። እናቴም ከዚያ ወዲህ «የእነሱ ጠብ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ፖሊሱ አባቴን ከየት አገር መጣህ ብሎ አልጠየቃቸውማ።

ሚስተር ዌብ አባቴ ጋ ደውሎ አየር ማረፊያው ሥራ ገባ። ዊልቸር አገፋፍ ያለማመዱት አባቴ ናቸው። ዓመት ሳይሞላው አንድ እሁድ ከሰዓት ቤታችን መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመና ግባ ቢሉት መጀመሪያ ልናገር አለ። ኩባንያው የፈረቃው አለቃ እንዲሆን ወስኗል፤ የአባቴም አለቃ ማለት ነው። «እኔ አላመለከትኩም» አለ። «ጠርተው ሰጡኝ። ‹ደምሴ እያለ?› ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መልስ አልሰጡኝም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ መጣሁ።»

አባቴ ተነሥተው ጨበጡት። «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት፤ ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብለው አስቀመጡት። እሱ እስኪሄድ ድረስ ንዴቴን ዋጥኩት። አባቴ አየር ማረፊያው ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ ጀምሮ እዚያ ነበሩ።

በሩ ሲዘጋ «አባዬ፣ አይናደዱም?» አልኳቸው። «ሥራውን ያስለመዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«በእሱ?» አሉ። «እሱ እኮ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ።» የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጃቸው ሰበሰቡ። «ከእሱ በፊት ያስለመድኳቸው አለቃዬ ሲሆኑ መች ነገሩኝ?»